ከቆመ ሞተር የተፈታ ሾክ

እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርስ አላበቀልኩም ነበር። ያሳደገችኝ እህቴ ናት። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ እታለም እላታለሁ፣ እሷም ወንድምዓለም ትለኛለች። ኩልመስክ በኩል፣ ከዋናው መንገድ ሽቅብ በሚወጣበት ሰፈር ነው ያደግነው። እዚያው አገባች፤ ልጅ ሳትወልድ ባሏ ሞተባት። እኔን ግን በአሥራ ሦስት ዓመቴ "አንተ ከእርፍ ጋር አትታገልም" ብላ ላሊበላ አወረደችኝ። ተምሬ አስጎብኚ ሆንኩ። እሷ ገብሷን በእኩል እያሳረሰች ብቻዋን ቀረች።

የታመመችው ወገቧን ነው። መጀመሪያ ነዶ ስታነሳ የተቀጨች መስሏት በወጌሻ አሳሸችው። ከዚያ ጠበል ገባች። ከክረምቱ በኋላ ሕመሙ ወደ እግሯ ወረደ። "እንደ እሳት ነው የሚሄደው፤ ከወገቤ ተነስቶ ተረከዜ ላይ ይጠፋል" ትለኝ ነበር በስልክ። እኔም "በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ" እላለሁ። ሳምንቱ ወር ሆነ።

በዚያን ጊዜ እኔ እንግዳ የሌለው አስጎብኚ ነበርኩ። መጀመሪያ ወረርሽኙ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌላው ጦርነት መጣና ቱሪስት የሚባል ከከተማችን ጠፋ። በደህናው ዘመን የገዛሁት ሞተር ነበረኝ፤ በእሱ ሰውና ዕቃ እያመላለስኩ እውላለሁ። ይህንን የምለው ሰበብ ለማቅረብ አይደለም። ሰበብ ባቀርብም የሚሰማኝ የለም።

በመጨረሻ ስሄድ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። ተቀምጣ መነሳት ስለሚያማት ቆማ ነበር የምትውለው። ላሊበላ ሆስፒታል ላወርዳት ተነሳሁ። የቅሬው፣ የእድሩ ሰዎች በቃሬዛ እንሸከማት አሉ፤ እሷ ግን አሻፈረኝ አለች።

"ዓይኔ እያየ ቃሬዛ ላይ አልወጣም" አለች። "የወጣ ሰው ሲመለስ አላየሁም።"

"ሞተሩ ያንገላታሻል እታለም።"

"ያንገላታኝ። ቁጭ ብዬ እሄዳለሁ፤ እንደ ሰው።"

ከኋላዬ አስቀመጥኳት። ከቤቷ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ቁልቁለት ድንጋይ በድንጋይ ነው። ጎማው ድንጋይ በመታ ቁጥር ጣቶቿ ትከሻዬ ውስጥ ይገባሉ፤ ድምጿ ግን አይወጣም። ግማሽ ያህል እንደወረድን ከኋላ አንድ ነገር ጧ ብሎ ፈነዳ። ሞተሩ በግራ በኩል ዘጭ አለ። እታለም "ወይኔ እናቴ!" ብላ ጮኸች። በዕድሜዬ እናታችንን ስትጠራ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

የፈነዳው የኋላው ሾክ ነው። ሾክ ማለት ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ የሚቆም፣ ሞላና ዘይት ያለበት ዘንግ ነው፤ የድንጋዩን ምት ውጦ ለተቀመጠው ሰው የሚያስቀርለት እሱ ነው። የእኔው ዘይቱን ድንጋዩ ላይ ተፍቶ፣ ዘንጉ እንደ ማጭድ ጎብጦ ተንጠልጥሏል። እታለምን አቅፌ አወረድኳትና ጋቢዬን አንጥፌ በጎኗ አስተኛኋት። ከሰዓት በኋላ የቅሬው ሰዎች ቃሬዛቸውን ይዘው ደረሱ። ወደ ቤቷ ሲመልሷት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ነበር፤ እንዳታይ ይሁን እንዳትታይ አላውቅም።

በማግስቱ እያነከሰ በሚሄደው ሞተር ላሊበላ ገባሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ሆስፒታል ነበር። የማውቃት ነርስ ከትልቅ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም ሊመጣ እንደሆነ ነገረችኝ። "ከስድስት ቀን በኋላ ይመጣል፤ ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለስ እኛም አናውቅም። እንደምንም ብለህ አምጣት" አለችኝ።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ መካኒኩ ሄድኩ። ባጃጅና ሞተር የሚጠግን፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ከእኔ ትንሽ የሚያንስ ሰው ነው። ሾኩን አገላብጦ አየው።

"ይኼ አልቆለታል" አለ።

"አዲስ ይኖርሃል?"

"አዲሱ ከደሴ ነው የሚመጣው። መንገድ ሲከፈት።"

"መቼ ይከፈታል?"

ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ዞረ። ጥቂት ቆይቶ "ከሌላ ሞተር የተፈታ ብታገኝ እንደምንም አስማማልሃለሁ" አለኝ። "ግን ጥንዱን አምጣ። አንዱ ያንተ አንዱ የሰው ከሆነ ሞተሩ ወደ ጎን ይጥላል።"

ሁለት ቀን ሙሉ ከተማውን ዞርኩ። ሞተር ያለው ሁሉ የራሱን ሞተር ለማቆየት ነበር የሚታገለው። በሦስተኛው ቀን፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የማውቀውንና ላስበው ያልፈለግሁትን ሞተር አሰብኩ።

አብሮኝ ያስጎበኝ የነበረ ባልደረባ ነበረኝ። ሥራው ሲሞት በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻገረ። ከየመን አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ማሽኑ ተበላሽቶ የማይነሳው ሞተሩ እናቱ ቤት ጓሮ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። እናቱ ደጃፋቸው ላይ ጌሾ አስጥተው ነበር። እንዴት ዋሉ ብዬ ከመቀመጤ የመጣሁበትን አወቁት መሰለኝ፣ ዓይናቸው ወደ ጓሮው ሄደ።

"እህቴ ታማብኛለች" አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የፈነዳውን ሾክ፣ ሐኪሙን፣ የቀሩትን ቀኖች።

"እኔን!" አሉ። የተሰጣውን ጌሾ በእጃቸው ገለበጡ። "ሞተሩ እኮ የኔ አይደለም ልጄ። የሱ ነው። ሲመጣ ምን እለዋለሁ?"

"እኔ ወሰድኩት ይበሉት።"

"እስቲ እሱኑ ልጠይቀው" አሉና ከጉያቸው ስልካቸውን አወጡ። ቁጥሩን አልፈለጉትም፤ ጣታቸው ያውቀዋል። ጆሯቸው ላይ አደረጉት። አጠገባቸው ስለነበርኩ ስልኩ ዝግ ነው የምትለው ሴት ድምፅ ለእኔም ይሰማኛል። በአማርኛ ተናግራ በእንግሊዝኛ ደገመችው። እሳቸው እስኪያበቃ አዳመጡ። መስመሩ ከተቋረጠም በኋላ ትንሽ ጊዜ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቆዩ።

"ውሰድ ብሎሃል" አሉኝ።

ሸራውን አብረን ገለጥን። ሞተሩ ንጹሕ ነበር። አቧራ እንኳን አልነበረበትም፤ ይወለውሉታል ማለት ነው። ብሎኖቹን ስፈታ አጠገቤ ቆመው የሚወድቁትን ዳዶዎች አንድ በአንድ እያነሱ በመሐረብ ጫፍ ቋጠሯቸው። ሾኮቹ ሲወጡ የሞተሩ ቂጥ መሬት እንዳይነካ ድንጋይ አስገባንለት። እሳቸው ሸራውን መልሰው ሲያለብሱ እኔ ቆሜ መመልከት አልቻልኩም፤ ስሜያቸው ወጣሁ።

ሾኮቹ ለእኔ ሞተር አልተሠሩም። ቁመታቸው በሁለት ጣት ያጥራል፤ ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳም ይጠባል። መካኒኩ በቶርኖ ማሽን ቢያስፋው የአፍታ ሥራ ነበር፤ መብራት ግን ከሄደ ቀናት ሆኖታል። ክብ ሞረድ አወጣ። እሱ ሲደክመው እኔ፣ እኔ ስደክም እሱ እየተቀባበልን፣ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አራቱን ቀዳዳዎች ሞረድናቸው። በብሎኑና በብረቱ መካከል የሚገባው ጎሚኒም አልቆ ስለነበር፣ ከጭነት መኪና አሮጌ ጎማ እየቆረጠ በቢላዋ ቀርጾ ሠራው። ቢላዋውን በሳሙና ውሃ እየነከረ ሲቀርጽ፣ ጥቁሩ ጎማ እንደ አይብ ነበር የሚቆረጥለት።

ገጥመን ስንጨርስ ወንበሩን በሁለት እጁ ወደ ታች ተጫነው። ሞተሩ ዝቅ አለና ቶሎ ብድግ አለ። ደግሞ ተጫነው። ፊቱ አልፈታ አለ።

"ሞላው ደህና ነው" አለ። "ዘይቱ ግን አንደኛው ላይ ያለቀ ይመስለኛል። ያነጥራል።"

"ሰው ይጭናል?"

"ሰውስ ይጭናል።" እጁን በቡትቶ ጠረገ። "የታመመ ሰው ግን... ከሁለተኛ ማርሽ አትለፍ። ወንበሩ ላይ ስፖንጅ ደርብበት።"

ሐኪሙ በመጣ በሁለተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ ወጣሁ። ባዶውን ሲወጣ ሞተሩ እንደ ፍየል ይዘል ነበር። ምንስ ሊያደርጋት ነው እያልኩ ደረስኩ። እታለም ተኝታ ነበር። ቆማ ስላላገኘኋት ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ ነው ያለኝ፤ ማረፍ የጀመረች መስሎኝ ነበር።

"ከሦስት ቀን ወዲህ እኮ ሻል ብሎኛል" አለችኝ። "ያ እሳቱ ጠፋ። እግሬ ብቻ ደንዝዟል። ብዙ ስለተኛሁ ይሆናል።"

ጎረቤቷና እኔ አንስተን አስቀመጥናት። ቀሚስ ለብሳ እንደ ሴት ልማድ በአንድ ጎን እንዳትቀመጥ፣ ግራና ቀኝ እንድትፈናጠጥ የእኔን ቱታ ሱሪ አለበስናት። እዚያ ላይ ሳቀች። "ባሌ ይህንን ሳያይ መሞቱ!" አለች። ጎረቤቷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በጋቢ ከወገቤ ጋር አሰርናት። እግሮቿን አንስቼ መርገጫው ላይ አስቀመጥኩላት። ቀኙ ተንሸራተተ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

"ከተንሸራተተ ንገሪኝ፣ እሺ እታለም?"

"እሺ።"

ወረድን። ሾኩ የፈነዳበትን ድንጋያማ ቦታ በአንደኛ ማርሽ፣ ትንፋሼን ውጬ አለፍኩት። አላቃሰተችም። እጆቿ ትከሻዬ ላይ ቀለል ብለው ተቀምጠዋል። የሚቀጥለውን አለፍኩ፣ የሚቀጥለውንም። ምንም የለም። ይልቁንም ማውራት ጀመረች። የገብስ አጨዳ ነበር፤ የማን አውድማ እንደሆነ፣ የማን ገብስ ውርጭ እንደመታው እየለየች ትነግረኝ ጀመር።

"አያምሽም?"

"ኧረ አሁንስ እንደ ፈረስ ነው። ምን አደረግህለት?"

ስለ ሾኩ ነገርኳት። ሞረዱን፣ ከመኪና ጎማ የተቀረጸውን ጎሚኒ ሁሉ ነገርኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ጧት በእጄ ሥራ የኮራሁ አይመስለኝም። መካኒኩ በከንቱ እንዳስፈራራኝ፣ ሰው ሲቀመጥበት ክብደቱ አርግቶት እንደሆነ እያሰብኩ፣ ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ።

ጥቂት እንደሄድን የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፕላስቲክ ወይም ጎማ የመሰለ ሽታ ነው። ቆምኩ። ታስራብኝ ስለነበር መውረድ አልቻልኩም፤ ወደ ግራ ጎንበስ ብዬ ሾኩን ዳሰስኩት። ጎሚኒው በቦታው ነው፤ ትንሽ ሞቆ ነበር እንጂ አልተቃጠለም።

"ምንድን ነው?" አለች እታለም።

"ጎማው መስሎኝ ነበር። ደህና ነው።"

"እኔ ምንም አልሸተተኝም" አለች። ነድቼ ቀጠልኩ። ሽታው አልፎ አልፎ ይመጣል፤ እኔም አዲስ ጎሚኒ ነው፣ እስኪለምድ ነው እያልኩ እነዳለሁ።

ሆስፒታሉ ግቢ ስንደርስ ነርሷ ጋቢውን ልትፈታ መጣች። ጎንበስ አለችና ቀና ሳትል ቀረች። የእታለም ቀኝ እግር ከመርገጫው ተንሸራቶ የጭሱ ቱቦ፣ ማርሚታው ላይ ተጋድሟል። የቱታው ሱሪ ቀልጦ ከባቷ ጋር ተጣብቋል። ነርሷ እግሯን ስታነሳው ቆዳው ማርሚታው ላይ ቀረ።

"ምን ሆናችሁ ነው?" አለች እታለም ፊታችንን አይታ። ወደ እግሯ አላየችም። ወደዚያ እንድታይ የሚነግራት ነገር አልነበረም።

ሐኪሙ ወጣትና ትሑት ሰው ነበር። ቁስሉ ከታሸገ በኋላ በመርፌ ጫፍ እግሯን እየነካ ጠየቃት።

"እናቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ። ስነካዎት አዎ ይበሉኝ።"

"እሺ ጌታዬ።"

"አሁን ይሰማዎታል?"

"አዎ።"

"አሁንስ?"

"አዎ።"

"አሁንስ?"

"አዎ፣ ይሰማኛል።"

ሐኪሙ እጁን አንስቶ እኔን አየኝ። "እናቴ" አለ በቀስታ፣ "የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እኮ አልነካሁዎትም።"

እታለም ዓይኗን አልገለጠችም። "እኔ እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው" አለች።

ኮሪደር ላይ ይዞኝ ወጣ። ጀርባዋ ላይ ያበጠ ነገር ነርቩን እንደተጫነው፣ ምን እንደሆነ የሚያሳየው ማሽን በአካባቢው እንደሌለ፣ አዲስ አበባ ብትደርስ እንኳን የሞተው ነርቭ እንደማይመለስ ነገረኝ። ስለ ሕመሙ ጠየቀኝ፤ ጠፍቶላት እንደነበር ነገርኩት።

"እኛ የምንፈራው ሲጠፋ ነው" አለ። "እያመማቸው ቢመጡ ይሻል ነበር።"

"ከስምንት ቀን በፊት ቢሆንስ ዶክተር?"

ሾኩ የፈነዳበትን ቀን ማሰቤን አያውቅም። "እንደሱ አይታሰብም" አለኝና ትከሻዬን ነካ አድርጎ ወደሚጠብቁት ሰዎች ገባ። ደግ ሰው ስለሆነ ነው እንጂ መልሱስ ነበረው።

ስገባ እታለም ፊቷን አስተካክላ፣ ነጠላዋን አደላድላ ጠበቀችኝ።

"ምን አለ?"

"መድኃኒት ጽፎልሻል።"

"እግሬስ?"

"ጊዜ ይፈልጋል አለ።"

አየችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስዋሽ የምታውቀኝ ሴት ናት። "እግዜር ይስጥህ ወንድምዓለም" አለች። "ሳያመኝ ነው ያመጣኸኝ።"

ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ ሰው ያው ይለኛል፤ የአቅምህን አድርገሃል፣ መንገዱ ነው፣ ዘመኑ ነው። መካኒኩም አንድ ቀን ወርዶ ጠየቃት፤ ብርቱካን ይዞ መጣ፣ ጥቂት ተቀምጦ ሄደ። እኔ ግን የማስታውሰው ጎንበስ ብዬ የግራውን ሾክ መዳሰሴን ነው። ወደ ቀኝ ጎንበስ ብል ኖሮ እግሯን አየው ነበር። ያንን ሾክ የዳሰስኩት ለሷ ብዬ ይሁን ለኔ ኩራት አላውቅም።

ወደ ኩልመስክ አልተመለሰችም። ገብሷን ጎረቤቶቿ አጨዱላት። የምኖረው በአንድ ክፍል ቤት ስለሆነ አልጋዬን ለሷ ሰጥቼ መሬት ላይ እተኛለሁ። ለአዲስ አበባው ጉዞ ብዙ ሞከርኩ፤ አንድ ጊዜ መንገዱ እምቢ ሲል፣ አንድ ጊዜ እሷ ትኩሳት ሲይዛት፣ በኋላ እሷው "ተወው" ስትል ቀረ። የባቷ ቁስል በሁለት ወር ዳነ። መቀመጫዋ ላይ ከመተኛት ብዛት የወጣው ሌላው ግን አልዳነም፤ ጧትና ማታ አጥባለሁ፣ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

በገና ሰሞን ከተማው በምእመን ተጥለቀለቀ። በብዙ ጊዜ የመጀመሪያዬ የሆኑ ሁለት እንግዶች ከአዲስ አበባ መጥተው እስከ ምሳ እንዳስጎበኛቸው ጠየቁኝ። እታለምን ለአከራዬ አደራ ብዬ ወጣሁ። እንግዶቹ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙ ጠየቁኝ፣ እኔም የረሳሁት የመሰለኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ድምፄ ራሱ ጥሩ ነበር። ምሳ አልፎ በዘጠኝ ሰዓት ስመለስ አከራዬ በሩ ላይ ተቀምጣ "ድምጿም አልተሰማ፣ ተኝታለች" አለችኝ።

አልተኛችም ነበር። ጣራ ጣራ ታያለች። አንሶላውን ስገልጥ ከጧት ጀምሮ እርጥብ ላይ ተኝታ ኖሯል፤ ሽንቷ ሲያመልጣት አይሰማትም፤ ሽታው ሲነግራት አከራዬን መጥራት አፍራ ዝም አለች።

"ለምን አልጠራሻትም እታለም?"

"እንግዶቹ እንዴት ነበሩ?" አለችኝ። "ደስ አላቸው?"

"ደስ አላቸው።"

"እሰይ።"

ውሃ አሞቅሁ። ገልብጬ ሳጥባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከውጭ የምእመናኑ ጭብጨባና እልልታ ይሰማ ነበር። ሲበርድ ውሃውን ይዤ ወጣሁና ከአጥሩ ሥር ደፋሁት። የሚታጠበው አንሶላ ብዙ ስለነበር፣ ሌላ ውሃ ለመቅዳት ጀሪካኑን አነሳሁ።